ሽማግሌ ሆነው የመጡት ፕሮግራሞች

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋሽ አድማሴ ሶፋቸው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሕልም አዩ፤ ለደግ ያድርገውና!

ሰውየው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የአገራቸውን ሰው ትውልድ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሲጽፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የነገሯቸው አዛውንት አንድ ሳይቀሩ አልፈዋል። አሁን ነገሩ ያለው እዚያች አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። የእህታቸው ልጅ ስንዱ፣ "ጋሼ፣ ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ይምረጡና ልጫንልዎ" ብላ ብትወተውትም፣ እሳቸው "ይኼ ያዘግማል፣ ያኛው አይታመንም" እያሉ ሦስት ወር ሙሉ አማረጡ። አቤት ማማረጥ!

በሕልማቸው ፕሮግራሞቹ ነጠላ አጣፍተው፣ ልጅ እንደሚጠይቅ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ኮምፒዩተሯ እንደ ሙሽራ ጓዳ ውስጥ ተደብቃለች። ሳሎኑን ሞልተው የተቀመጡት ደግሞ ከውስጧ የወጡት ሙታን ናቸው።

"እናንተን ጠብቀን እንድናኖር ኮምፒዩተሯን ፈቅዳችሁ ስጡን" አለ አንደኛው ፕሮግራም።

"መጀመሪያ ዘርህን ቁጠር!" አሉ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ።

"ስሪት ሰባት ነኝ። የስሪት ስድስት ልጅ፣ የስሪት አምስት የልጅ ልጅ።"

"ስሪት አምስት አሁን የት አለ?"

"ጠፋ።"

"ወይ ጉድ! አያቱን ያላቆየ እኛን ሊያቆይ!"

ፕሮግራሞቹ አፍረው ተመለሱ። ሽማግሌው ወደ ጋሽ አድማሴ ዞሩ። ሰባተኛ አያታቸው ጓሉ ነበሩ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለት ፊደል ብቻ የነበሩት ጓሉ! አፍንጫቸው ቁርጥ የራሳቸው የአድማሴ አፍንጫ ነው።

"እኛን አንተ ይዘኸናል። አንተንስ ማን ይዞሃል?"

"ማንም፣ ጌታዬ።"

"እኛ ይዘንሃል" አሉና "አድማሴ" ብለው ለልጃቸው ለገብሬ ነገሩ። ገብሬ ለአንዳርጌ፣ አንዳርጌ ለወርቄ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አባታቸው ዋሴ ጋ ደረሰ። ግድግዳው ጠፋ። ሰው እስከ ተራራው ጫፍ ሞልቶ ስማቸውን ባንድ ድምፅ ጠራ። ጋሽ አድማሴ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ ብለው አስበው አያውቁም፤ እንደ ልጅ አለቀሱ።

"ዛሬውኑ እመርጣለሁ!" ብለው ሲጮኹ በጩኸታቸው ነቁ።

ስንዱ ፊታቸው ቆማ ትስቃለች። "ጋሼ፣ ተገላገሉ! ተኝተው ሳለ እኔው መረጥኩልዎ። አዲስ ዲስክ ኮምፒዩተሯ ላይ ሰካሁና ፕሮግራሙን 'ሁለቱን አመሳስል' አልኩት፤ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ።"

"ተባረኪ የኔ ልጅ! እስቲ አሳዪኝ።"

ዲስኩን ከፈተችው፤ ባዶ ነው። ደንግጣ የኮምፒዩተሯን ፋይል ከፈተች። እሱም ባዶ ነው። ፕሮግራሙ እንደታዘዘው ሁለቱን አመሳስሏል፤ ግን ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጦ ነበር።

"ጋሼ... እኔ..."

"ዝም በይ፣ አታስረሺኝ!" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ፊታቸው ሳይጠፋብኝ እስክሪብቶ አምጪ!"