አማቴንና የበርሜል ክዳን ተሸክሜ ወደ ጮቄ

ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አንዱ ጎረቤቴ የበሩን መቀርቀሪያ ይዞ ወጣ፤ በሩን ግን እዚያው ትቶታል። አንዲት የመንደራችን ሴት ወንፊቷን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትሮጥ ቆየችና፣ ዱቄቱስ ብለው ሲጠይቋት መንገድ መሀል ቆማ አለቀሰች። አትፍረዱባቸው። በድንጋጤ ጊዜ እጅ ያገኘውን ነው የሚያነሣው። ዋናው ጥያቄ የሚመጣው በኋላ፣ ልብ ሲረጋና ሆድ መናገር ሲጀምር ነው። እህሉንስ ይኸው ተሸክመነዋል፤ በምን እንጋግረው?

ይህ የሆነው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። እኛ የምንኖረው ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ከጮቄ ግርጌ ነበር። ወታደሩ ባንዳውን አስቀድሞ ወደኛ በወጣ ቁጥር መንደሩ በሙሉ እየተነሣ ወደ ተራራው ይሸሻል። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር፣ በየገደሉና በየዋሻው እንከርምና ተመልሰን እንወርዳለን። ጥቂት ቆይተን ደግሞ እንወጣለን። ልጄ ደስታ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ነገሩ ዘመድ ጥየቃ እየመሰላት፣ ትንሽ ስንቆይ "ወደ ጮቄ መቼ ነው የምንሄደው?" ትለን ጀመር።

በመጀመሪያው ሽሽት የቤታችንን የሸክላ ምጣድ በሁለት እጄ ደግፌ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደናቀፈኝ። አንዱ ምጣድ አራት ሆነ። በሁለተኛው ሽሽት ተማርን ብለን ምንም ሳንይዝ ወጣንና ከርመን እስክንወርድ ቆሎ ቆረጠምን። ባለቤቴ የሺ አራስ ነበረች፤ ወተቷ ጎደለ። ሕፃኗ ጡቱን ትይዝና ምንም ስታጣበት ትለቀዋለች፤ ከዚያ የምታሰማው ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እቤታችን ስንመለስ የሺ እንዲህ አለችኝ፦

"ሦስተኛ ጊዜ የሚያስወጣን ከሆነ፣ ወይ የሚቀል ምጣድ ፈልግ፣ ወይ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ወደ ሮብ ገበያ ወረድኩ። ምጣድ መምረጥ የሴት ሥራ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሸክሞ ዳገት ያልወጣ ሰው ነው። ሸክላ ሠሪዋ ትንሽዬ ምጣድ ነበራት፤ ታምራለች፤ ግን ሸክላ ናት፣ እኔም ያው ተደናቃፊው እኔ ነኝ። ቀጥቃጩ ብረት ምጣድ አለው፤ አናቴ ላይ ጭኜ ገበያውን አንድ ዙር ዞርኩና አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገብቶ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይስቅ! በመጨረሻ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ጠራኝና ከጨርቆቹ ሥር አንድ ክብ ቆርቆሮ መዘዘ። ደጀን ላይ ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ከጣለው የቤንዚን በርሜል የተቆረጠ ክዳን ነው። ስስ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም። በጣቱ ኳ አደረገውና "ይህን የተሸከመ ሰው መሸከሙን ይረሳል" አለኝ። በአንድ ቁና ገብስ ለወጥኩትና እየተኩራራሁ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። አማቴን።

አማቴን እሜቴ ብርቄን ላስተዋውቃችሁ። ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። በኛ ወግ አማትና አማች ይከባበራሉ፤ የኛ መከባበር ግን ከልክ አልፎ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የሚሉት ካላቸው በየሺ በኩል ይነግሩኛል፤ እኔም በየሺ በኩል እመልሳለሁ። ታናሽ ልጃቸውን ንጉሤን ጣሊያን ገድሎባቸዋል። ክዳኑን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ መሬት ላይ አስቀመጡት።

"የሺ፣ ባልሽን ንገሪያቸው። ልጄን በበላ ሰው ዕቃ የተጋገረ በኔ ጉሮሮ አይወርድም።"

ክዳኑን ከመሬት አነሣሁና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

ሦስተኛው ሽሽት ብዙም ሳይቆይ መጣ። አንድ ጫካማ ሸለቆ ውስጥ ገብተን ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። ክዳኑ ሠራ! መጀመሪያ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር፤ በእሳትና በአመድ ስናሸው ለቀቀው። የሺ በየቀኑ ቂጣ ትጋግራለች፤ ወተቷ ተመለሰ፤ ሕፃኗ ጠግባ ትተኛለች። እኔ በምርጫዬ ደረቴን ነፍቼ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ "ብረቷን አያችኋት?" እላለሁ። እሜቴ ብርቄ ግን ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ መልሰው፣ በቀሯቸው ጥቂት ጥርሶች የማይደፍሩትን ቆሎ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይውጣሉ። የሺ ለምናቸው ለምናቸው ተወችው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ እልህ ነው ብዬ ብዙም አላሰብኩበት።

አንድ ቀን ማለዳ ባንዳው የሸለቆውን አፍ አገኘው የሚል ወሬ ደረሰ። ወደ ላይኛው ዋሻ መውጣት ነበረብን። የሺ ሕፃኗን አዝላ ዱቄቱን ተሸክማለች፤ ደስታ ቅሉን ይዛለች፤ እኔ ክዳኑን ጀርባዬ ላይ አስሬያለሁ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ እሜቴ ብርቄ ወደቁ። ሲነሡ እግራቸው አልራመድ አላቸው። ከታች፣ ከሸለቆው ውስጥ፣ ጥይት ተሰማ።

"የሺ፣ እናትሽን ንገሪያቸው" አልኩ። "ላዝላቸው ነው።"

"የሺ፣ ባልሽን ንገሪያቸው" አሉ፣ ከኔ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው። "አይሆንም። አማት በአማች ጀርባ! እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ እገባለሁ።"

የሺ መሀላችን ቆማ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደሳቸው ትዞራለች። ጥይቱ ቀረበ። የዘጠኝ ዓመት መልእክተኛዬ በዚያች ቅጽበት ሥራዋን ለቀቀች፤ "እናንተው ተነጋገሩ!" ብላ ጮኸችና ደስታን እየጎተተች ዳገቱን ተያያዘችው።

ሁለት ሰው ቀረን። ጀርባ ግን አንድ ነው ያለኝ። የክዳኑን ገመድ ፈታሁና ወደ ገደሉ ልወረውረው እጄን አነሣሁ።

"አንቱ! ምን ሊያደርጉ ነው?"

ዘወር አልኩ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር።

"ልጆቹ በምን ሊበሉ ነው?" አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። "ያቺ አራስስ? በሉ ያምጡት፤ እኔ ጀርባ ላይ ይሰሩት።"

አሰርኩላቸው። ከዚያ ተንበረከክሁና አዘልኳቸው። እኔ እሳቸውን፣ እሳቸው ክዳኑን። ከሩቅ ያየን ሰው ኤሊ በሁለት እግሯ ዳገት ስትወጣ አየሁ ሳይል አይቀርም።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ብድግ ስል ወደ ፊት ልደፋ ነበር፤ ከባድ ሰው ጠብቄ ኖሯል ያን ያህል ኃይሌን ያወጣሁት። እሜቴ ብርቄ ምንም አይከብዱም። በነጠላቸው ውስጥ እጄ የያዘው አጥንት ነው። ያን ሁሉ ዕቃ አናቴ ላይ እየጫንኩ ገበያ ለገበያ ስዞር፣ አብረውኝ የሚኖሩት አሮጊት በየቀኑ እየቀለሉ መሄዳቸውን አላየሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሦስት ክንድ ርቀት ላይ! ላብ መስሎ እንዲታይልኝ ፊቴን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ወጣሁ።

"እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው መንገድ ላይ።

"ፊት ፊትዎን ይዩ፤ ያደናቅፍዎታል" አሉኝ።

ዋሻው በሰላም ደረስን። ባንዳው ሸለቆውን በርብሮ ባዶውን ሲያገኘው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የሺ እሳት አንድዳ ቂጣ ጣለች። ለልጆቹ ቆርሳ ሰጠች፣ ለኔ ሰጠች፤ እናቷን አልፋ ልትቀመጥ ስትል እሜቴ ብርቄ እጃቸውን ዘረጉ።

የሺ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ሁላችንም ሌላ ነገር የምናይ መስለን አንገታችንን ደፋን። ብዙ ጊዜ ካኘኩ በኋላ፣ በቀስታ "ንጉሤ ቢኖር ይበላው ነበር" አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ቂጣው ላይ ጠብ አለ። ጠረጉት። ደግመው ቆረሱ። አኘኩ። ከዚያ ቂጣውን ወደ ብርሃኑ አነሥተው መሀሉን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

"ይህማ አልበሰለም" አሉ። "ከላይ አርሯል፣ ከውስጥ ሊጥ ነው። ይህን ነው ሦስት ሳምንት ስትበሉ የከረማችሁት?"

እኛ እኮ ጣፍጦን ነበር።

በማግስቱ ሊጡን ራሳቸው አቦኩት፤ በክዳኑ ላይ ወፈር አድርገው ዘረጉትና፣ ዋሻው ውስጥ የተገኘ የገንቦ ገል ደፍተውበት ፍም ከላይም ከታችም አደረጉበት። ወጥቶ ሲቆረስ እውነተኛ ዳቦ ነው! ሽታው ጎረቤት ዋሻ ደርሶ ሰው ጠራብን። እሜቴ ብርቄ ለመጣው ሁሉ ቆርሰው ሰጡና እንዲህ አሉኝ፦

"ገሉ አያዛልቅም። እንደዚህ ያለ ሌላ ክዳን ማግኘት አይችሉም?"

ጣሊያን ወደ ምሽጉ ተመልሶ እኛም እንደወረድን ሁለተኛውን አመጣሁላቸው። በሚቀጥለው ሽሽት እግራቸው ድኖ፣ ቂጣና ዳቦ በልተው ጠንክረው፣ ሁለቱን ክዳኖች ራሳቸው አዝለው ከፊታችን ይሄዱ ነበር። ለሌላ ሰው ያሸክሙ ብንላቸው እምቢ አሉ። ችግሩ ግን በተራመዱ ቁጥር ክዳኖቹ እየተጋጩ ቋ፣ ቋ ማለታቸው ነበር። ባንዳ ሊሰማ ነው ብለን ብንጨነቅ፣ ቆም አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ጋቢዎን ያምጡ" አሉ።

አጥፈው በሁለቱ ክዳኖች መካከል ወተፉት። ክዳኖቹ ጸጥ አሉ። እኔ በጮቄ ብርድ ጥርሴን እያንቀጫቀጭሁ ዋሻው ድረስ ተከተልኳቸው፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ዞረው "ድምፅዎን ይቀንሱ እንጂ!" አሉኝ።