በመስመር የተዘሩ ሳጥኖች

ሰው በውሻና በኮምፒውተር ፊት መቸኮሉን ማሳየት የለበትም! ሁለቱም ያውቁበታል። ውሻው ቢበዛ ሱሪ ቢቀድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን… ቆይ ልንገራችሁ።

ወልድያ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መርሳ ወርጄ፣ ማሽላን በመስመር ስለመዝራት ለገበሬዎች እንዳስተምር ታዘዝኩ። አለቃዬ ወይዘሮ ዘነበችም «መጥቼ አይሃለሁ» አሉኝ። ይቺ «አይሃለሁ» የምትባል ቃል እንቅልፍ እንደምትነሳ አለቃ ያላችሁ ታውቃላችሁ! ጽሑፌ እንዲያምር ብዬ ከባልደረባዬ ፍላሽ ላይ ጫፉ የተቆለመመ፣ ሙሽራ የመሰለ ፎንት ጫንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጽሑፌን ስከፍተው «ማሽላ» የሚለው ቃል አንድ «ማ» እና ሁለት ባዶ ሳጥን ሆኖ ጠበቀኝ። ዘግቼ ከፈትኩ… ሳጥን። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ… ሳጥን! ውጭ መርሳ የሚያወርደኝ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። በንዴት የጠረጠርኳቸውን የአማርኛ ፎንቶች አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፈሰስኩ እንጂ የምለቅመው አልተረፈኝም። «ማ»ም ሄደች!

መርሳ ስንደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ግድግዳው ላይ ሳጥን፣ ከሳጥን ሥር ሳጥን። ወይዘሮ ዘነበች ከፊት ወንበር ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉ። እንደገና ጠረጉ። ስንት ዓመት ፊደል የቆጠርኩ ሰውዬ ቆሜ ሳጥን እቆጥር ጀመርኩ።

ይሄኔ ሐጂ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ብድግ አሉ።

«ማሻአላህ! ማሳው እንዴት ያምራል!»

«እ… የቱ ማሳ፣ ሐጂ?»

«ይኸ በመስመር የተሰለፈው ነዋ! በመካከሉ የተተወው ክፍት የውሃው መንገድ ነው?»

ክፍቱ በቃልና በቃል መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነበር። «አዎን አባቴ፣ ልክ ነዎት! የውሃው መንገድ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ! አንዱን አንቀጽ የላይኛው እርሻ፣ ሌላውን የታችኛው እርሻ አደረግሁት። ገበሬው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሐጂ ግን አልለቀቁኝም።

«እነዚያ ከላይ ተነጥለው የቆሙት አራቱስ?»

አራቱ ሳጥኖች የኔ ስም ናቸው… ተ፣ ስ፣ ፋ፣ ዬ።

«እነሱ እንኳ… ተስፋ የሌላቸው ናቸው።»

«ያስታውቃሉ» አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው አዝነው።

አዳራሹ በጭብጨባ ሸኘኝ። ወልድያ ተመልሼ ከባልደረባዬ ኮምፒውተር ደህና ደህና ፎንቶችን ቀድቼ ጫንኩ፤ ፊደሎቼም አንድ ሳይጎድል ተመለሱ። «ተመስገን!» ብዬ ሳልጨርስ ወይዘሮ ዘነበች ደወሉ።

«ተስፋዬ፣ ያቺን ባለማሳዋን አዘጋጅ። የሐራ ገበሬዎችንም ታስተምርባታለህ።»

«ፊደሉን አስተካክዬዋለሁ እኮ…»

«ማን አስተካክል አለህ? እንደነበረች ትሁን!»

ሳጥኖቹን ልመልስ ብሞክር፣ ብሞክር ፎንቱ እምቢ አለ። ዛሬ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ወደ ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኟ ልጅ ችግሬን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«አሁን ደህና ነው የሚሠራው?»

«በጣም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«አበላሺልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ፤ «ለማበላሸትማ እኔ ዘንድ ምን አመጣዎት!»