የጋሽ ባሬንድ የቀለህ ምርመራ

በየአገሩ፣ ሰው የተበላሸ ነገሩን ይዞለት ሲሄድ ጥፋቱ የባለቤቱ እንደሆነ የሚነግር አዋቂ አይጠፋም። በደቡብ አፍሪካው የካሩ ደረቅ ሜዳ ላይ በግ ለሚያረቡት ሰዎች የደረሷቸው ጋሽ ባሬንድ ናቸው። እዚያ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አይጣልም። ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ በመጭመቂያ ማሽን ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ባሩድና አረር ገብቶበት እንደገና ይተኮሳል። የቀለሁ ነሐስ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን ወደ ክቡር የቀለህ ሐኪም ይወሰዳል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በተኩስ ሜዳው ዳር፣ ሥጋው ፍም ላይ ሲጠበስ፣ ጋሽ ባሬንድ ችሎት ይቀመጣሉ። አንገቱ በቁመት የተሰነጠቀ ቀለህ ሲመጣላቸው፣ "ነሐሱ ደርቋል። አንገቱን በእሳት አላለሰለስከውም፤ ሰነፍ ነህ" ይላሉ። ቂጡ የሰፋ ከሆነም፣ "ባሩድ አብዝተሃል። ለማን ልትታይ ነው?" አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ሰባኪ ቀለህ አገላብጠው አዩና፣ "እርስዎ ትዕግሥት የለዎትም" አሏቸው በሰው ፊት። በማግስቱ እሑድ ስብከቱ ስለ ትዕግሥት ሆነ።

በግ ከሚያረቡት አንዷ ሄስተር ናት፤ ባሏ ዊናንድ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ቀበሮ አሥራ አንድ ግልገል ፈጀባት። አንድ ማለዳ ቀበሮው ላይ አነጣጥራ ስትተኩስ ትኩስ ጭስ ጉንጯን ገረፋት። ቀለሁን ስታወጣው ከቂጡ ከፍ ብሎ ግማሽ ዙሪያውን ተቀዷል። ቅዳሜ ከሌሎቹ ቀለሆች ሳጥን ጋር ይዛው ሄደች።

"ስንት ጊዜ ተኮስሽው?" አሉ ጋሽ ባሬንድ።

"ሦስት።"

"አሥር ይሆናል። ሰው ሲቆጥር ለራሱ ያደላል።"

"ሦስት ነው፣ ጋሼ። የሳጥኑ ክዳን ላይ ጽፌዋለሁ።"

ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አወጡና ካልተቀደዱት ወደ አንዱ ከተቱት። የውስጡን ግድግዳ እየጫሩ ወደ ታች ሲወርዱ ሽቦውን አንድ ስርጉድ ቦታ ያዘው። ሌላ አነሱ። እዚያው ቦታ ያዘው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

"መጭመቂያው ከልኩ ወርዶ ነው የታሰረው" አሉ። "የቀለሁን ትከሻ አለመጠን ይገፋዋል። ሲተኮስ ነሐሱ ይለጠጣል፣ ከታች ይሳሳል። ትንሽ ብትቀጥዪ ለሁለት ይበጠስና እሳቱ ዓይንሽ ውስጥ ይገባ ነበር። ማነው እንዲህ አርጎ ያሰረልሽ ደንቆሮ?"

ሄስተር ዓይኗን ወደ ሥጋው መለሰች። በሰው ፊት ባትናገረው ትመርጥ ነበር።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ዊናንድ በተቀበረ በሳምንቱ መጥተው።"

ሥጋ የሚያገላብጠው ሰው ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ባሬንድ ሽቦውን ኪሳቸው ከተቱ። "እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ፣ ሰባኪውም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሳይበሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጡም። በሚቀጥለውም። ሰው የተሰነጠቀ ቀለሁን ይዞ ይመጣና የሚሰድበው አጥቶ ይመለሳል። ሄስተር በሦስተኛው ሳምንት ሳጥኗን ይዛ ቤታቸው ሄደች።

"ሌላ ሰው ፈልጊ" አሏት ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ። "ማሽን ያሰርኩላቸውን ሌሎች ዘጠኝ ቤቶች ዞሬ አየሁ። የሁሉም ልክ ነው። የተበላሸው ያንቺ ብቻ ነው።"

"ለምን የኔ ብቻ?"

ጋሽ ባሬንድ ወደ አጥሩ አዩ። "የዚያን ቀን የዊናንድ ካፖርት ከማሽኑ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ዓይኔን ውሃ ሞላው። የልኩን መስመር ሳላየው አጠበቅኩት።"

ሄስተር በቀብሩ ላይ ያላለቀሱ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉም ቂም ይዛባቸው ነበር። ሳጥኑን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ደህናዎቹን ይለዩልኝ።"

"አልሰማሽኝም እንዴ?"

"ሰማሁ። ስለዚህ ነው ሌላ ሰው ጋ የማልሄደው።"

እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ከሃምሳው ቀለህ አርባ አንዱን ጣሉ። ዘጠኙን ሲመልሱላት አንዱን ወደ ብርሃን አነሱት።

"ይሄ ደግሞ ሲጸዳ አሸዋ ቀርቶበታል። ቸልተኛ ነሽ፣ ሄስተር።"

"ነኝ፣ ጋሼ" አለች። ዊናንድ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ በአዘኔታ ድምፅ ነበር የሚያናግራት፤ መሰደብ ምን ያህል እንደናፈቃት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።