ሊቀ ሻንሲ ዌንደል እና የሃልስተድ ካርቶን

ተገጣጣሚ ትንንሽ የፕላስቲክ መኪና ሞዴል የሚወዱ ሰዎች አምስት ሆነው በተሰበሰቡበት ሁሉ አንዱ የግድ «እስቲ ገልብጠው» ባይ ነው። ኦሃዮ ውስጥ እሱ የሌለበት ክበብ አላየሁም። ወራት የለፋችሁበትን መኪና በኩራት ስታወጡ እሱ ቀለሙን አያይም፤ ሆዱን፣ ከሥር ያለውን ሻንሲ ነው የሚያየው። የእኛ የቶሊዶው ክበብ ገልባጭ፣ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ሊቀ ሻንሲ ዌንደል ስትራውብ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የምጠራበት ግን ዞር ሲልልኝ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው ከፋብሪካዎቹ ነው። ድሮ ሃልስተድ እና ኮርዴል የሚባሉ ሁለት የሞዴል ሠሪዎች ነበሩ፣ ዓይንና ናጫ። ሃልስተድ የሚገጣጥም ልጅ ኮርዴልን በእጁ አይነካም ነበር። ኋላ ሁለቱም ተዳከሙና አንድ ድርጅት ጠቅልሎ ገዛቸው። የሁለቱን ቅርጽ ማውጫ ብረቶች በአንድ መጋዘን ከመረ፤ ስሞቹን ግን አልጣለም። ሃልስተድ የሚለውን ስም ስናይ ልጅነታችን ትዝ እንደሚለን ገብቶታላ! ይኸው የኮርዴልን መኪና በሃልስተድ ካርቶን፣ የሃልስተድን በኮርዴል ካርቶን እያሸገ ይሸጥልናል። እኛም እያወቅን እንገዛለን።

ዌንደል ግን ወይ ፍንክች። «ካርቶን ነጋዴ ነው፤ ሻንሲ ምስክር ነው» ይላል። ምልክቱን ለሁላችንም በግድ አስተምሮናል። ኮርዴል ፕላስቲክ ስለሚቆጥብ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው፤ የሃልስተድ ማርሚታ ለብቻው ይመጣና ራስህ ትለጥፈዋለህ። በቃ፣ ገልብጦ ማርሚታውን ማየት ነው።

ምስኪን ሚስቱ ለልደቱ አንድ ሃልስተድ ገዝታ ሰጠችው። ከፈተውና «አመሰግናለሁ የኔ ፍቅር፤ ኮርዴል ነው» አላት። የክበባችን አባል ክላይድ ሲሞት ልጆቹ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ አባታቸው የሠራቸውን መኪኖች በየፋብሪካው ስም በሁለት ረድፍ ደርድረው ነበር። ዌንደል ጸሎቱ ሳያልቅ አንድ በአንድ ገልብጦ ሁለቱን ወደ ሌላኛው ረድፍ አዛወራቸው። ቄሱም ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

እኔንም አልማረኝም። በየዓመቱ በምናዘጋጀው ትርኢት ሃልስተድ ብቻ የሚቀመጥበት የክብር ጠረጴዛ አለ። ስድስት ወር የደከምኩበትን መኪና እዚያ ባስቀምጥ በሕዝብ ፊት ገለበጠውና «ኮርዴል ነው» ብሎ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰደው። እውነቱን ልናገርና፣ በማግስቱ አብሬው ዳኛ ለመሆን የተመዘገብኩት አንድ ቀን ስህተት አገኝበታለሁ ብዬ ነው። ሦስት ዓመት ጠበቅኩ።

ባለፈው ኅዳር ትርኢቱ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ሊንድክዊስት የምትባል ሴት አንዲት ቀይ ፒክአፕ ከነካርቶኗ ይዛ መጣች። ባሏ ሮልፍ ለሃልስተድ፣ የቅርጽ ማውጫው ብረት የሚሠራበትን የመኪኖቹን የእንጨት ናሙና ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ በጸደይ ሞተ። የቀራጮች ስም የትም አይጻፍም። እሱም «የእኔ ሥራ ናት» ብሎ ለይቶ የነገራት ይህቺን ፒክአፕ ብቻ ነው። ከሱቅ ገዝታ፣ በሕይወቷ ሞክራው የማታውቀውን ነገር ብቻዋን ገጣጥማዋለች። ማጣበቂያው ፈሷል፣ አንዱ መብራት ጠሟል።

«ከእጁ ሥራ ቤቴ የቀረ የለም፤ ይቺ ብቻ ናት» አለችን። «ከሃልስተዶቹ ጋር ብትቀመጥ ደስ ይለኛል።»

ተቀብዬ ገለበጥኳት። ማርሚታው ከሻንሲው ጋር ተጣብቋል። ያን ፒክአፕ ሁለቱም ፋብሪካዎች ሠርተውት ነበር፤ የሃልስተድ ብረት ግን ተሰብሮ ለቁራሌ እንደተሸጠ ስንት ጊዜ እያዘነ የነገረን ራሱ ዌንደል ነው። የሮልፍ እጅ ይህቺን መኪና ነክቷት አያውቅም።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዌንደል ቀድሜ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር መሰለኛ።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ይህቺ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ዌንደል መኪናዋን ከእጄ ወሰደና በጎማዋ አቆማት። ተገልብጣ እጄ ላይ ሳለች አፍንጫው ሥር ነበረች፤ አይቷታል።

«ካርቶኑ ምን ይላል?» አለኝ።

ካርቶኑን አነሳሁ።

«አንብብ እንጂ፤ ማንበብ አትችልም?»

«ሃልስተድ።»

«በቃ፤ ሃልስተድ ነዋ።»

ከክብር ጠረጴዛው መሀል የራሱን መኪና አንስቶ በቦታው የእሷን አስቀመጠ። ሴትየዋ ለመቅረጽ የሚያስቸግረው የትኛው ጋ እንደሆነ ጠየቀችው። በጣቱ ከመብራቱ እስከ በሩ የሚወርደውን መስመር አሳያት። «እዚህ ጋ ነው ወይዘሮ። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም» አላት። እሷም ጣቷን እዚያው መስመር ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

እሷ ሄዳ ከተቀመጠች በኋላ የክበባችን ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም የእሱ ተማሪ ነው፤ ሁሉም ሊገለብጣት እጁን ወደ ፒክአፗ ይሰዳል። ዌንደል «አትንካ!» እያለ አንድ በአንድ መለሳቸው። ምሳ ተበላ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ጉልበቱን እንደሚያመው ስለማውቅ ወንበር አምጥቼ ሰጠሁት፤ እኔም በጠረጴዛው በሌላኛው በኩል ሄጄ ቆምኩ።