«ተመርምረሃል? መቼ?»

በየቤቱ አንዲት ጠያቂ አትጠፋም፤ ለእኛ ቤት የደረሰችው ግን የጠያቂዎቹ እመቤት ናት። ክብርት የልጅ ልጄ ሐዳሳ ስልኳ ላይ ባለው የመተዋወቂያ አፕ ከወንድ ጋር ትተዋወቃለች፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «የኤችአይቪ ምርመራ አድርገሃል? መቼ?» ትላለች። የምታስፈራው «መቼ»ዋ ናት።

አንዱ «እኔ ስፖርተኛ ነኝ» አላት። «ቫይረሱ ስፖርተኛ ይፈራል እንዴ?» አለችው። ሌላው፣ የታቦር ሰፈር ልጅ ነው፣ «ለጋብቻ ቤተክርስቲያን የምርመራ ወረቀት መጠየቋ አይቀርም፤ ያኔ እንመረመራለን» ቢላት፣ «እስከዚያ ቫይረሱ ቃል ገብቶልሃል?» ብላ ሸኘችው። አንዱን ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለ ዓሣ ቤት ቀጥራው ኮንዶም ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ፣ እጄን ልታጠብ ብሎ እንደተነሳ ቀረ። ዓሣውን አስጠቅልላ ለእኔ አመጣችልኝ። በዚህች ጥያቄ ሰበብ ስንት ዓሣ በላሁ!

በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው ናት። ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ ያስነበበችኝ የኮንዶም ማሸጊያ ነው። «እማማ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ይፈልጉ» ትለኛለች፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ሕዝቅያስ መጣ፤ መናኸሪያ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ ልጅ። ስሙ ሲነሳ ሐዳሳ ፊቷ ይበራል።

«ጠየቅሽው?» አልኳት።

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ቢሄድብኝስ እማማ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እስከ ዛሬ በድፍረት የጠየቀቻቸው ሁሉ ቢሄዱ የማይቆጫት ነበሩ።

እሑድ ሕዝቅያስ ሊተዋወቀኝ ቤት መጣ። ሻይ አቀረብኩለትና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጄ፣ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገሃል? መቼ?»

ሐዳሳ መጋረጃው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አምና ነው እማማ። እንደገና አብረን እንመርመር ልላት ፈልጌ፣ አላመነኝም ብላ ታኮርፈኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ማን ያውቃል፣ ከመንገድ ቢመለሱስ? ወረፋው ላይ ሐዳሳ ወደ እኔ ዞረች። ያቺ የድሮ ደፋር ዓይኗ ተመልሳለች።

«እማማ፣ እርስዎስ ተመርምረዋል?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«መቼ?»

ሕዝቅያስ ሳቁን ዋጠ። እኔም እንደዚያ ዓሣውን ጥሎ እንደጠፋው ሰውዬ፣ እጄን ልታጠብ ብዬ መነሳት አማረኝ። ግን ቢሄዱባት የሚቆጫትን ሰዎችም፣ እኔን ጭምር፣ መጠየቅ መጀመሯ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ለነርሷ ሰጠሁ።