ሲስተር ፀዳል መልስ አይሰጡም

በየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላውን አላውቅም፤ ጅቡቲ ያለው የነርሶች ትምህርት ቤታችን ግን የዚህን ወገን ንግሥት ቀጥሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክብርት ሲስተር ፀዳል ይባላሉ። አያታቸው ለባቡር ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም ካርቲየ 6 በሚባለው የከተማው ሰፈር ተወልደው ሠላሳ ዓመት ነርስ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

በፈረንጆቹ 2009 ከሆስፒታል ተነሥቼ አስተማሪ ስሆን አማካሪሽ እሳቸው ናቸው ተባልኩ። በዓመቱ መጨረሻ እሳቸው ካልመሰከሩልኝ ወደ ሆስፒታሉ እመለሳለሁ። እኔ ደግሞ ማስተማሩን ወድጄው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እስካሁን የት የት ፈለግሽ?» አሉኝ።

ዘዴያቸው ይኸው ነው። ክፍሌ ገብተው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ እኔ ላቤ ጠብ እስኪል አስተምራለሁ፤ ሲያልቅ «እንዴት ነበርኩ?» እላለሁ። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አንድ ቀን ብሶብኝ ለምን እንደማይነግሩኝ ብጠይቃቸው «በሽተኛ ፊት ብቻሽን ስትቆሚ እኔን ከየት ታመጪኛለሽ?» አሉኝ። ማብራሪያቸውም ጥያቄ ነው።

ሄሮን ከሚባለው ሰፈር በታክሲ ስንመለስ ሾፌሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ቢጠይቃቸው «አንተ በየት ይመስልሃል?» አሉት። ከከተማው ዳር፣ ዋራበሌ ድረስ ሄደን ነው የተመለስነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ዕቃ የሚያመላልሰው ሽመክት እግሩ አብጦ ቤታቸው መጥቶ ምን እንደያዘው ቢጠይቅም ያችው ጥያቄ ደረሰችው። «እትዬ፣ ቢመስለኝ ኖሮ እዚህ እመጣ ነበር?» አለ ምስኪኑ። ስንት ሰዓት ከመኪናው ሳይወርድ እንደነዳ ራሱ እስኪናገር ግን አልለቀቁትም።

ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ራስ ሲያዞር፣ የእኔ ጉድ መጣ። አርባ ሁለት ተማሪ አለኝ፤ የደም ግፊት መለኪያ ሁለት፤ አንዱ አየር ያስወጣል። ተማሪዎቼ እነዚህኑ ይዘው ሆስፒታል ገብተው የለኩትን ጽፈው ያመጣሉ፣ እኔ አይቼ እፈርማለሁ። ያን ቀን ደክሞኝ ስለነበር ሳላይ ፈረምኩ።

በማግስቱ ሲስተር ፀዳል ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «ምን ታያለሽ?»

የበሽተኛው ሁሉ ግፊት 12 በ 8 ነው። እዚህ እንደ ፈረንሳዮቹ ስለምንቆጥር 120 በ 80፣ ጤነኛ ማለት ነው። ልጆቹ መለኪያው ስላልደረሳቸው ከራሳቸው ጽፈውታል። ከነዚህ ጤነኞች አንዷን አሮጊት ግን የሆስፒታሉ ነርስ ደግማ ብትለካቸው ግፊታቸው 19 በ 11 ሆኖ ተገኝቷል፤ ደግነቱ መድኃኒቱ በጊዜ ደረሰላቸው።

«ለዳይሬክተሩ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«ሲስተር፣ ዛሬ እንኳ አንድ መልስ ቢሰጡኝ ምን ይጎድልብዎታል?»

ወረቀቶቹን ሰብስበው ሰጡኝ። በጣም ተናደድኩባቸው። ብናገር ከማስተማሩ ልባረር እንደምችል አውቃለሁ፤ አሮጊቷን ሳስብ ግን መቀመጥ አቃተኝና ተነሥቼ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። እሳቸውም ተከትለውኝ ገቡ።

ሁሉንም ተናገርኩ። የተማሪዎቹን ጥፋት ሳላስቀድም ፊርማዬን ከሰስኩ፤ ከነገ ጀምሮ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጌ፣ አጠገባቸው ቆሜ እንደማስለካቸው ነገርኩት። ዳይሬክተሩ አማርኛ የማይሰማ የአገሩ ሰው ነው። እኔን ትቶ ወደ ሲስተር ፀዳል ዞረና በፈረንሳይኛ «ይህቺ ሴት ማስተማሯን ትቀጥል?» አላቸው።

እሱንም መልሰው ሊጠይቁት ነው አልኩ በልቤ።

«አዎ» አሉ፣ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ።

በሠላሳ ዓመት አንድ መልስ ሰጡ፤ እሱንም ተጣድፈው ኖሮ በአማርኛ ተናገሩት። እኝህን ሴትዮ እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ። ዳይሬክተሩ ምን እንዳሉ ስላልገባው እኔን አየኝ፤ ሲስተር ፀዳልም መተርጎሙን ለእኔ ተዉት። በእሱው ፈረንሳይኛ «ዊ ነው ያሉት» ልለው አፌን ብከፍት እንባዬ ቀደመኝ።