ማንም የማይፈልጋቸው የኳስ ካርዶችና የአባዬ ቅዳሜ

ሰዎች፣ ዛሬ ራሴን እንዴት እንዳዋረድኩ ስነግራችሁ ሃይስኩል አብራችሁኝ የተማራችሁ ሁሉ "ድሮስ እሷ!" ትላላችሁ።

በሉ። ተፈቅዷል።

ባለፈው እሁድ የልብስ ክሎዜት ሳጸዳ (እሺ፣ ቻርጀሬን ስፈልግ) የአባዬን የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ ጫማ የለም። ካርድ ነው! የድሮ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለበት፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ። የኛ ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺ አሜሪካኖቹ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው የሚሮጡባት ሞላላዋ ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግ በመጣን ዓመት ህንጻችን ውስጥ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ወደ ሌላ ቤት ሙቭ ሲያደርግ፣ አባዬ ሶፋውን ተሸከመለት። ሰውየው በምስጋና ካርቶኑን ሰጠው። አባዬ ደግሞ የተሰጠውን አይጥልም። የፒዛ ቤት ኬቻፕ እንኳን አይጥልም!

እኔ ምን አደረግኩ? ጎግል!

የዚያው ዘመን አንዲት ካርድ ኦንላይን ላይ የተለጠፈባትን ዋጋ ሳይ ከአልጋዬ ተነሳሁ። አንዷ ይሄን ካወጣች ካርቶን ሙሉውስ?

ሀብታም ሆነናል!!!

አሁን የሚያሳፍረው ጋ ደረስን። አባዬ ከሰኞ እስከ አርብ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ቅዳሜ ደግሞ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የደንበኛ መኪና እየተቀበለ ያቆማል፤ ከመሬት በታች፤ እኔ ኤለመንተሪ እያለሁ ጀምሮ። ጉልበቱን እያሻሸ ነው ቤት የሚገባው። ያንን ቅዳሜ እንዴት እንደምጠላው!

ስለዚህ ለሱፐርቫይዘሩ ለጋሼ ታደሰ ኮል አደረግኩ። "አባዬ ካሁን በኋላ ቅዳሜ አይመጣም፤ ሀብት አግኝተናል" አልኳቸው።

አዎ፣ አንድ ካርድ ሳልሸጥ። አዎ፣ አባዬን ሳልጠይቅ። ለሱማ "ዛሬ ኦፍ ሰጥተውሃል" ብዬ ዋሸሁት።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የካርድ ሾው (ሰብሳቢዎች የሚገበያዩበት) አለ ብዬ ይዤው ሄድኩ። አባዬ የሰርግ ሱፉን ለብሷል። ቤልትዌዩን፣ ያንን የቀለበት መንገድ፣ በሙሉ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ነጋዴው ፂማም ፈረንጅ ነው። አምስት ካርድ አነሳ። ስድስተኛውን አላነሳም።

"ይሄን ስብስብ ማንም አይፈልገውም" አለኝ።

ይቅርታ?!

"ሄልሜታቸውን እዪው። አርማ አለው? ያሳተመው ድርጅት የቡድኖቹን አርማ የማተም ፈቃድ ስላልነበረው በቀለም ሸፈነው።"

አየሁ። እውነቱን ነው። ተጫዋች አይመስሉም፤ ሞተር ሳይክል ተውሰው የመጡ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ቀጠለ። ሰብሳቢ የሚያድነው በኋላ ኮከብ የሆነ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣባትን ካርድ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ አንድም የረባ ጀማሪ አልወጣም። የታተመውም ለጉድ ስለሆነ የየሰዉ ቤዝመንት ውስጥ ሞልቷል። እኔ ኦንላይን ያየኋት? የሌላ አሳታሚ ናት፤ ያውም የኮከብ።

"ግን አሮጌ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ዞሮ አየኝ።

"አሮጌማ እኔም ነኝ" አለ። "ማን ይሰበስበኛል?"

አጠገቡ ያለው ነጋዴ ገና ካርቶኑን ከሩቅ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። አልነካውም እንኳን!

ያኔ አባዬ ከኋላዬ ብቅ አለና አንዷን ካርድ አነሳ። "ይሄንን ታውቀዋለህ?" አለው ፈረንጁን። "የኳስ ወቅት ሲዘጋ ኢንሹራንስ ይሸጣል።"

"ምን?"

"ይሄኛው ቧንቧ ይጠግናል። ይሄ ወፍራሙ ደግሞ ቀብር አስፈጻሚ ነው።"

ለካ ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል! ያኔ ክፍያቸው ትንሽ ስለነበር ተጫዋቾቹ ሁለተኛ ሥራ ነበራቸው። አባዬ በመጣ ሰሞን አውቶቡስ ላይ እያነበባቸው ነው እንግሊዝኛ የለመደው። ሁሉንም በሥራቸው ያውቃቸዋል፤ ማን ስንት ጎል እንዳገባ ግን አያውቅም። ጎል ይባል አይባል እንኳን አያውቅም!

"ሁለት ሥራ!" አለ አባዬ ደረቱን እየመታ። "እንደኛ!"

ፈረንጁ ወንበር ሳበለት። እኔን ረሱኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማንም የማይፈልገውን ካርድ አንድ በአንድ እያነበቡ ሲንከተከቱ እኔ ቦርሳ ያዥ ሆኜ ቆምኩ።

ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ግን አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ኮሉን፣ ውሸቱን፣ ሀብቱን።

ካርቶኑን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ታደሰ ምን አለሽ?"

"እንኳን ደስ ያላችሁ አሉኝ።"

"አንቺ ልጅ..." አለና ሳቁ ቀደመው። ቀጥሎ ከራቫቱን ፈታ አድርጎ ሰማዩን አየ። "ቅዳሜ እንዲህ ብርሃን ነው እንዴ?" አለኝ።

ወንዙ ዳር ትንሽ እንሂድ አለ። ሄደን አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ጫማውን አወለቀ! የኔ አባት! በአደባባይ! "ሰኞ እኔው አናግረዋለሁ፤ እመለሳለሁ" አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

እንዴት ብዬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልመልሰው?

ፈንጠር ብዬ ደወልኩ።

"ሀሎ፣ ሀብታሟ!" አሉኝ ጋሼ ታደሰ። "ምነው፣ ጋራዡን ልትገዢው ነው?"

"ጋሼ፣ የአባዬ ቦታ ላይ ሰው ገባበት?"

"ገና ነው። ተጸጸተ እንዴ?"

"እሱ አይመጣም። እኔ ልግባበት?"

ሳቃቸው ስልኬን አንቀጠቀጠው። "አንቺ? ደንበኛ ላይ ልትጮሂብኝ?"

"አልጮህም!" ብዬ ጮህኩ።

"ማንዋል መኪና ትነጃለሽ?"

"እንዴታ ጋሼ!"

"በይ ቅዳሜ ጠዋት እንዳታረፍጂ።"

አባዬ ስነግረው "እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት ይቺ?" አለና ጉንጬን ሳመኝ። ጫማውን ግን አላደረገም።

ወገን፣ እኔ ማንዋል መኪና ውስጥ ገብቼ የማውቀው በተሳፋሪነት ብቻ ነው። ግሪንቤልት፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ፎልስ ቸርች ያላችሁ ወዳጆቼ፦ እስከ ቅዳሜ የሚያስተምረኝ፣ መኪናውን ብዙም የማይወድ ሰው አለ?